ዋይፋይ ሶኬቶች በየሰዓቱ ይቋረጣሉ፣ የዚግቢ ሴንሰሮችም ከኔትወርኩ ይወጣሉ፤ ከየት ልጀምር?

ቀጭን_ሽቦ (ጠያቂ)

ሰላም ወገኖች። ቤት ውስጥ ባሉ ስማርት ዕቃዎች ላይ ችግሩ ተደራርቧል። በዝርዝር ላስቀምጠው፣ የምታውቁ እርዱኝ።

ዕቃዎቹን የሚያስተዳድረው ሶፍትዌር፣ ሆም አሲስታንት፣ የሚሠራው በትንሽ ኮምፒውተር ላይ ነው፤ ዲስኩ በዩኤስቢ 3.0 የተሰካ ኤስኤስዲ ነው። የዚግቢው ዶንግል (ከዚግቢ ዕቃዎቹ ጋር በሬዲዮ የሚያገናኘው የዩኤስቢ መሣሪያ) ከኤስኤስዲው አጠገብ ባለው ቀዳዳ በቀጥታ ተሰክቷል። የኤምኪውቲቲ ብሮከሩም (የዕቃዎቹን መልእክት ተቀብሎ የሚያዳርሰው ፕሮግራም) እዚያው ኮምፒውተር ላይ ነው። በዋይፋይ የሚሠሩ 14 ዕቃዎች አሉ፤ ሁሉም ኢኤስፒ8266 ቺፕ ያላቸው ሶኬቶችና ሪሌዎች (በትዕዛዝ የሚበሩና የሚጠፉ ማብሪያዎች) ናቸው። በዚግቢ ደግሞ 26፦ 9 አምፖል፣ 4 ሶኬት፣ የቀሩት በባትሪ የሚሠሩ የበር፣ የእንቅስቃሴና የሙቀት ሴንሰሮች። ዋናው ራውተር በቅርቡ ተቀይሯል፤ የዋይፋዩ ስምና የይለፍ ቃሉ ግን የድሮው ነው። ራቅ ላሉት ክፍሎች ሁለተኛ ራውተር በኬብል ተያይዟል።

ችግሮቹ እነዚህ ናቸው።

ሀ) ከዋይፋይ ሶኬቶቹ አብዛኞቹ በየሰዓቱ ገደማ «አይገኝም» ይላሉ፣ ከአፍታ በኋላ ራሳቸው ይመለሳሉ።

ለ) የበርና የሙቀት ሴንሰሮች መረጃ መላክ ያቆማሉ። እንደገና ፔር ሲደረጉ (ከኔትወርኩ ጋር ሲጣመሩ) ይሠሩና ደግሞ ይጠፋሉ። ባትሪያቸው አዲስ ነው። አምፖሎቹም ሲመሽ ትዕዛዝ ለመቀበል ይዘገያሉ።

ሐ) ስልኩ በሁለተኛው ራውተር ዋይፋይ ላይ ሲሆን ስፒከሩንና ቴሌቪዥኑን አያገኝም። በዋናው ላይ ሲሆን ያገኛል።

መ) ኤሌክትሪክ ተቋርጦ ሲመለስ አንዳንድ ሶኬቶች ጭራሽ አይገኙም።

የአዲሱ ራውተር ቅንብር፦ 2.4 እና 5 ጊጋኸርዝ በአንድ ስም፣ ደኅንነቱ የደብሊውፒኤ2 እና የደብሊውፒኤ3 ቅልቅል፣ የ2.4 ቻናል አውቶ፣ ስፋቱ 20/40 ሜጋኸርዝ። ዲኤችሲፒው (ለዕቃዎች አድራሻ የሚያድለው አገልግሎት) ከ192.168.1.100 እስከ 150 ያድላል፣ ሊዙ (አንድ አድራሻ የሚሰጥበት ጊዜ) 24 ሰዓት ነው። ስድስት ሶኬቶች ግን ከ110 እስከ 115 ያሉትን አድራሻዎች በራሳቸው ቅንብር ላይ ቋሚ አድርገው ይዘዋል። የሶኬቶቹ የዋይፋይ ሲግናል ከ-58 እስከ -79 ዲቢኤም ነው። ዚግቢው ቻናል 11 ላይ ነው፣ የሴንሰሮቹ ኤልኪውአይ (የግንኙነታቸው ጥራት ቁጥር) ከ20 እስከ 60 ያሳያል።

ሁሉንም ፋብሪካ ሪሴት አድርጎ ከዜሮ መጀመር ይሻላል?

የሞገድ_ልክ

ሰላም ወንድሜ። ሪሴቱን ተወው። ሪሴት የሚጠቅመው ዕቃው ራሱ ሲበላሽ ነው፤ አንተ ከጻፍከው ውስጥ የተበላሸ ዕቃ አልታየኝም። የሚታየኝ በአንድ ጊዜ የመጡ፣ ምንጫቸው ግን የተለያየ አራት ችግሮች ናቸው። ሁሉንም አጥፍተህ ብትመልስ ለጥቂት ጊዜ ደህና ይመስልና ያው ይመለሳል፤ የሎጉ ማስረጃም አብሮ ይጠፋል።

የሚቋረጥ ዕቃ ሲገጥምህ ከሁሉ በፊት በየስንት ጊዜው እንደሚቋረጥ አጣራ። የሆም አሲስታንት ታሪክ ገጽ ላይ የሦስት አራት ሶኬቶችን መስመር ጎን ለጎን አውጥተህ ደቂቃውን ተመልከት። በየ15 ደቂቃው ከሆነና ዕቃው የሚሠራው ኢኤስፒሆም በሚባል ፈርምዌር ከሆነ፣ ዕቃው ራሱን እያስነሳ ነው፤ ኢኤስፒሆም ዋይፋይ ወይም በኤፒአይ የተገናኘው ደንበኛ ለ15 ደቂቃ ከጠፋበት ሪስታርት ያደርጋል፣ ይህ ሆን ተብሎ የተቀመጠ ነባሪ ቅንብር ነው። በየ12 ሰዓቱ ከሆነ ዲኤችሲፒውን ጠርጥር፤ ዕቃ አድራሻውን ለማደስ የሚጠይቀው የሊዙ ግማሽ ላይ ሲደርስ ነው፣ የአንተ ሊዝ 24 ሰዓት ስለሆነ ግማሹ 12 ነው። ሲመሽ ብቻ ከሆነ የሞገድ መጨናነቅ ነው። በትክክል በየ60 ደቂቃው ከሆነና ብዙ ዕቃዎች በአንድ ጊዜ የሚወጡ ከሆነ ደግሞ ጣቴን የምቀስረው የጋራ ቁልፉ ላይ ነው።

የጋራ ቁልፉ ምንድን ነው? በደብሊውፒኤ ሁሉም ዕቃ ከራውተሩ ጋር የየራሱ ቁልፍ አለው። ለሁሉም በአንድ ጊዜ የሚላኩ መልእክቶች ግን የሚመሰጠሩት ሁሉም በሚጋራው ሌላ ቁልፍ ነው። ራውተሩ ይህን የጋራ ቁልፍ በየተወሰነ ጊዜ ይቀይራል፤ ብዙ ራውተሮች ላይ ጊዜው 3600 ሴኮንድ፣ ማለትም አንድ ሰዓት ነው። ሲቀይር እያንዳንዱ ዕቃ አዲሱን ተቀብሎ «ደርሶኛል» ብሎ መመለስ አለበት። ኃይል ለመቆጠብ ሬዲዮውን በየመሃሉ የሚያሸልብ ወይም ያረጀ ፈርምዌር ያለው ዕቃ መልሱን ሳይሰጥ ያልፋል፣ ራውተሩም ያባርረዋል። ዕቃው ቆይቶ እንደገና ይገባል። አንተ «አይገኝም» ሲል የምታየው ያቺን መሃል ነው። ራውተሩ በቅርቡ መቀየሩም ከዚህ ጋር ይገጥማል።

ለማረጋገጥ የራውተሩን ሎግ ክፈትና የተባረሩበትን ደቂቃ ከታሪክ ገጹ ጋር አስተያይ። ከገጠመ የዋይፋይ ደኅንነት ገጽ ላይ «ግሩፕ ኪ» የሚል የጊዜ ቅንብር ታገኛለህ፣ ብዙ ጊዜ የሚደበቀው በላቀ ቅንብር ስር ነው። 3600 የሚለውን 86400 አድርገው። ከዚያም እዚያው ገጽ ላይ ሳለህ ለስማርት ዕቃዎች ብቻ የሚሆን ሌላ የዋይፋይ ስም ፍጠር፦ 2.4 ጊጋኸርዝ ብቻ፣ ደብሊውፒኤ2 ከኤኢኤስ ጋር ብቻ። ኢኤስፒ8266 ቺፑ 5 ጊጋኸርዝ የለውም። ሁለቱ ባንዶች በአንድ ስም ሲሆኑ ብዙ ራውተሮች ዕቃውን ወደ 5 ለመግፋት ሲሉ መጀመሪያ ላይ መልስ ይነፍጉታል፣ ቅልቅሉ ደኅንነትም ለአሮጌ ቺፕ ሌላ መሰናክል ነው። አዲሱ ስም «የእንግዳ ኔትወርክ» እንዳይሆን ግን ተጠንቀቅ፤ የእንግዳ ኔትወርክ አብዛኛውን ጊዜ ዕቃዎች እርስ በርስ እንዳይተያዩ ይከለክላል፣ ብሮከርህንም አያገኙትም።

ሲግናሉ ላይ፦ እስከ -67 ጥሩ ነው፣ እስከ -75 ይሠራል፣ ከ-75 በታች የወረደ ሶኬት ግን የኤሌክትሪክ ምጣድ ወይም ማይክሮዌቭ በተነሳ ቁጥር ይወድቃል። -79 ያሉትን ወደ ሁለተኛው ራውተር አዛውራቸው። ራውተሩ ላይ ደካማ ሲግናል ያለውን ዕቃ የሚያባርር የሮሚንግ ቅንብር ካለም አጥፋው። እነዚህ ሶኬቶች የትም አይንቀሳቀሱም።

(መ) የአድራሻ ግጭት ነው። ቋሚ ያደረግካቸው ከ110 እስከ 115 ያሉት አድራሻዎች ዲኤችሲፒው ከሚያድለው ክልል ውስጥ ናቸው። ኤሌክትሪክ ሲመለስ ሶኬቶቹ በጥቂት ሴኮንድ ይነሳሉ፣ ራውተሩ ግን ደቂቃዎች ይፈጅበታል። ብዙ የቤት ራውተሮች ለማን ምን እንደሰጡ የሚይዙት በሚጠፋ ሜሞሪ ላይ ስለሆነ ሲነሱ ዝርዝሩ ባዶ ነው። ራውተሩ 112ን ለስልክ ይሰጣል፣ ሶኬቱ ደግሞ «112 እኔ ነኝ» ብሎ ተቀምጧል። ምልክቱ ይህ ነው፦ ወደ 192.168.1.112 ፒንግ እያደረግክ የአርፕ ሰንጠረዡን (የትኛው አድራሻ የየትኛው ዕቃ እንደሆነ የሚያሳየውን) ደጋግመህ ስታይ ለአንዱ አድራሻ የተመዘገበው ማክ (የዕቃው የሃርድዌር መለያ) ይቀያየራል። መድኃኒቱ ቋሚውን ከሶኬቶቹ ላይ አንስቶ ወደ ዲኤችሲፒ መመለስና ራውተሩ ላይ በማክ አድራሻ ሪዘርቭ ማድረግ ነው። ያን ጊዜ አንዱ ብቻ ያዛል፣ ሌላው ይታዘዛል።

ሜሽ_ሠሪ

የሞገድ_ልክ ባለው ሁሉ እስማማለሁ፤ ዚግቢውን እኔ ልያዝ።

ከቻናሉ በፊት ዶንግሉን አስተካክል። የዩኤስቢ 3.0 ዳታ በሴኮንድ 5 ጊጋቢት ሲመላለስ ከመሰኪያውና ከገመዱ የሚወጣው ረብሻ በ2.4 ጊጋኸርዝ ዙሪያ ይተኛል። ኢንቴል ይህንኑ ለክቶ በ2012 ጽፎበታል። አንተ ዶንግሉን የሰካኸው ከኤስኤስዲው ጎን ነው፤ ወፍጮ ቤት ውስጥ ቆሞ ሹክሹክታ ለመስማት እንደ መሞከር ነው። የሚጎዳው መስማቱ እንጂ መናገሩ አለመሆኑን ልብ በል። ዶንግሉ የሚልከው ትዕዛዝ አምፖሎቹ ጋ ይደርሳል፣ በትንሽ ባትሪ የሚያስተላልፈው የበር ሴንሰር ድምፅ ግን ዶንግሉ ጋ ሲደርስ በረብሻው ይዋጣል። አምፖሎችህ ዘግይተውም ቢሆን እየታዘዙ ሴንሰሮችህ የሚጠፉት ለዚህ ነው።

ስለዚህ ከ1 እስከ 2 ሜትር የሚሆን፣ መከለያ ያለው የዩኤስቢ ማራዘሚያ ገመድ ውሰድ፤ ዩኤስቢ 2.0 ቀዳዳ ላይ ሰካ፤ ዶንግሉን ከኤስኤስዲው፣ ከኮምፒውተሩና ከራውተሩ ቢያንስ አንድ ሜትር አርቀህ ከብረት ነገር ላይ ሳይሆን ገለጥ ያለ ቦታ አስቀምጠው። አንቴናው ቀጥ ብሎ ይቁም። ይህን ብቻ አድርገህ አንድ ቀን ጠብቅና ኤልኪውአዩን ተመልከት። ኤልኪውአይ ከ0 እስከ 255 የሚሄድ ቁጥር ነው፣ ነገር ግን አሰላሉ ከቺፕ ወደ ቺፕ ይለያያል፤ የአንዱን አምራች ሴንሰር ከሌላው ጋር አታወዳድር፣ የዛሬውን ከራሱ ከትላንቱ ጋር አወዳድር።

ቻናሉ ላይ ሒሳቡ ቀላል ነው። የዚግቢ ቻናል 11 መሃሉ 2405 ሜጋኸርዝ ነው፣ ከዚያ እያንዳንዱ ቻናል 5 ሜጋኸርዝ እየጨመረ እስከ 26 ድረስ፣ 2480 ላይ ያልቃል። የዋይፋይ ቻናል 1 በ20 ሜጋኸርዝ ስፋት ከ2402 እስከ 2422 ይይዛል፤ የዚግቢ 11፣ 12፣ 13 እና 14 ሙሉ በሙሉ ከሥሩ ናቸው። ስፋቱ ወደ 40 ሲሰፋ እስከ 2442 ይዘልቃል፣ ያኔ እስከ ዚግቢ 18 ድረስ ይውጣል። አንተ ቻናል 11 ላይ ሆነህ ዋይፋይህ አውቶ፣ ስፋቱም 20/40 ነው። ሲመሽ ቪዲዮ የሚያይ ሰው ሲበዛ ዋይፋዩ አየሩን ይሞላዋል፣ ዚግቢው ደግሞ ክፍት ቦታ እስኪያገኝ ደጋግሞ ይሞክራል። የአምፖሎቹ መዘግየት እሱ ነው።

የምመክርህ ዋይፋዩን ማሰር ነው። 2.4 ላይ ስፋቱ 20 ብቻ ይሁን፣ አውቶ ይጥፋ፤ ዋናው ራውተር ቻናል 1፣ ሁለተኛው ቻናል 6። ዚግቢውን 25 ላይ አድርገው፤ መሃሉ 2475 ነው፣ ከዋይፋይ 6 በብዙ ይርቃል፣ ከጎረቤት በሚመጣ ዋይፋይ 11 እንኳ ጠርዙ 2472 ስለሆነ አይነካውም። 26 የበለጠ ይርቃል ብለህ እንዳትሄድ፤ እዚያ ቻናል ላይ ኃይላቸውን የሚቀንሱ፣ ጨርሶ የማይገቡም ዕቃዎች አሉ። 11፣ 15፣ 20 እና 25 ግን ከድሮው የዚግቢ መብራት ደንብ ጀምሮ ዋና ቻናሎች ስለሆኑ አምፖሎችህ ሁሉ ያውቋቸዋል።

አሁን ወደ አምፖሎቹ። በዚግቢ ከኤሌክትሪክ መስመር የሚሠራ ዕቃ ለሌሎቹ መልእክት ያቀብላል፣ በባትሪ የሚሠራ ግን አያቀብልም። 9 አምፖሎችህ የመረቡ ምሰሶዎች ናቸው ማለት ነው። የግድግዳ ማብሪያ ማጥፊያ ተጭኖ አምፖሉ ኤሌክትሪክ ባጣ ቁጥር በእሱ በኩል ሲናገሩ የነበሩ ሴንሰሮች ሁሉ መንገድ ያጣሉ። ጥሩ ሴንሰር ሌላ አቀባይ ይፈልጋል፤ አንዳንዱ ግን የለመደውን ብቻ እየጠራ ባትሪውን ይጨርሳል። የግድግዳ ማጥፊያውን ማንም እንዳይነካው ማድረግ ከባድ ነው። የሚሻለው የአቀባይነቱን ሥራ ለ4ቱ ሶኬቶች መስጠት ነው፤ ሁልጊዜ የተሰኩ ይሁኑ፣ ከዶንግሉ እስከ ሩቁ ክፍል ድረስ በየ5 እና 6 ሜትሩ ተደርድረው። ሶኬቶቹ ከተቀመጡ በኋላ የሚጠፉትን ሴንሰሮች በቋሚ ቦታቸው ላይ እንዳሉ እንደገና ፔር አድርጋቸው፤ በአጠገባቸው ባለው ሶኬት በኩል ብቻ እንዲገቡ መፍቀድ ትችላለህ፣ ዚግቢውን ከኤምኪውቲቲ ጋር በሚያገናኘው ሶፍትዌር፣ በዚግቢ2ኤምኪውቲቲ፣ ላይ «መግባት ፍቀድ» የሚለው አዝራር አጠገብ የዕቃ ምርጫ አለ። ሴንሰሩን ዶንግሉ አጠገብ አምጥቶ ፔር አድርጎ መልሶ መውሰድ ብዙዎች የሚያደርጉት ነገር ነው፤ ያኔ ግን ሴንሰሩ የሚለምደው የዶንግሉን መንገድ ነው፣ ቦታው ሲመለስ መንገዱ ይጠፋዋል።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ስለ ባትሪ። ሲአር2032 አዲስ ነው ማለት ጥሩ ነው ማለት አይደለም። ቮልቴጁን ዝም ብለህ ስትለካው 3 ያሳይና ሴንሰሩ ሊልክ ሲል፣ ማለትም ጅረት ሲሳብ ይወድቃል። ፐርሰንቱ 100 እያለ የሚሞት ሴንሰር ካለ በሌላ አምራች ባትሪ ሞክረው።

ቀጭን_ሽቦ (ጠያቂ)

እግዜር ይስጥልኝ ሁለታችሁም። የራውተሩ ሎግ እንደተባለው በየ3600 ሴኮንዱ ያባርር ነበር። የጋራ ቁልፉ 86400 ሆኗል፣ ለዕቃዎቹም የተለየ ስም ተፈጥሯል፣ የሰዓቱ መቋረጥ ቆሟል። አድራሻዎቹም ሪዘርቭ ሆነዋል። ዶንግሉ በ1.5 ሜትር ገመድ ወጥቶ የሴንሰሮቹ ኤልኪውአይ ከ90 በላይ ሆኗል። ቻናሉ ገና አልተነካም።

የቀሩት፦ ሦስት ሶኬቶች ዋይፋይ ላይ እንዳሉ ናቸው፣ ፒንግም ይመልሳሉ፤ ሆም አሲስታንት ላይ ግን ተራ በተራ ይወጣሉ ይገባሉ። አንድ ሪሌ ደግሞ ብሮከሩ ሪስታርት ባደረገ ቁጥር ማንም ሳያዘው ይበራል። ሌላ ሪሌ የውኃ ፓምፕ ሲያጠፋ ራሱ ሪስታርት ያደርጋል። የስፒከሩም ነገር እንዳለ ነው።

ብሮከር_ጠባቂ

ፒንግ እየመለሱ ከተቋረጡ ዋይፋዩን ልቀቀው፣ ችግሩ ከላይ ኤምኪውቲቲው ላይ ነው። የብሮከሩን ሎግ ክፈት። «ይህ ደንበኛ አስቀድሞ ተገናኝቷል፣ የድሮው ግንኙነት ይዘጋል» የሚል መስመር እየተደጋገመ ካየህ ሦስቱ ሶኬቶች አንድ የደንበኛ መለያ ይዘዋል ማለት ነው። በኤምኪውቲቲ ደንብ አንድ መለያ አንድ ግንኙነት ብቻ ነው ያለው፤ ሁለተኛው ሲገባ ብሮከሩ የመጀመሪያውን ይዘጋል፣ የተባረረው ተመልሶ ሲገባ ሌላውን ያስባርራል፣ እንዲህ እያለ ማቆሚያ የለውም። የአንዱን ቅንብር ወደ ሌላው ሲገለብጡ የሚመጣ ነው። መለያው ላይ የማክ አድራሻውን የመጨረሻ ስድስት ፊደላት ጨምርበትና ሦስቱን ለያቸው። እግረ መንገድህን ቶፒካቸውም (መልእክቱ የሚላክበት ስም) አንድ እንዳይሆን እይ፤ ቶፒኩ ከተጋራ አንዱን ስታበራ ሌላውም ይበራል።

በራሱ የሚበራው ሪሌ የተያዘ መልእክት አለበት። ኤምኪውቲቲ ላይ መልእክት ሲላክ «ሪቴይን» ምልክት ካለው ብሮከሩ የመጨረሻውን ይዞ ያስቀምጥና ወደዚያ ቶፒክ ለሚመጣ ሁሉ ወዲያው ይሰጠዋል። ይህ ለሁኔታ መልእክት በጣም ጠቃሚ ነው፤ ሆም አሲስታንት ሲነሳ ሶኬቱ በርቶ እንደሆነ ወዲያው ያውቃል። ለትዕዛዝ መልእክት ግን አደገኛ ነው፤ አንድ ቀን በሪቴይን የተላከ «አብራ» ዕቃው በተገናኘ ቁጥር እንደ አዲስ ትዕዛዝ ይደርሰዋል። ማሞቂያ ወይም ፓምፕ ላይ ቢሆን ምን እንደሚያመጣ አስበው። ለማጽዳት ወደዚያው የትዕዛዝ ቶፒክ ባዶ መልእክት ከሪቴይን ምልክት ጋር ላክ፣ ብሮከሩ የያዘውን ይጥላል። ከዚያ ትዕዛዙን በሪቴይን የሚልከውን አውቶሜሽን ወይም ቅንብር ፈልገህ ምልክቱን አንሳ፤ አለበለዚያ ነገ ይመለሳል።

ስፒከሩ ደግሞ ሌላ ነው። ስልክህ በሁለተኛው ራውተር ላይ እያለ አይፒውን እይ። 192.168.1 ብሎ ካልጀመረ፣ ለምሳሌ 192.168.0 ከሆነ፣ ሁለተኛው ራውተር የራሱን ኔትወርክ ሠርቷል። ስፒከሮችና ቴሌቪዥኖች የሚገኙት በኤምዲኤንኤስ (224.0.0.251፣ ወደብ 5353) ወይም በኤስኤስዲፒ (239.255.255.250፣ ወደብ 1900) ነው፤ ሁለቱም ጥሪዎች ከአንድ ኔትወርክ ወደ ሌላው አይሻገሩም። መፍትሔው ሁለተኛውን ወደ አክሰስ ፖይንት ሞድ መቀየር ነው። ሞዱ ከሌለው ዲኤችሲፒውን አጥፋ፣ ለራሱ ከሚታደለው ክልል ውጭ አድራሻ ስጠው፣ 192.168.1.2 በለው፤ ኬብሉንም ከዋን ቀዳዳ (የኢንተርኔት መግቢያው) ነቅለህ ከላን ቀዳዳዎቹ (ለቤት ውስጥ ዕቃዎች ከሚሆኑት) አንዱ ላይ ሰካ። ዲኤችሲፒውን ሳታጠፋ ኬብሉን ብታዛውር አንድ ኔትወርክ ላይ ሁለት አዳይ ይኖርሃልና ቅደም ተከተሉን ጠብቅ።

አይፒው ትክክል ሆኖ ስፒከሩ ራውተሩ እንደተነሳ ሰሞን ተገኝቶ ከአራትና አምስት ደቂቃ በኋላ የሚጠፋ ከሆነ አይጂኤምፒ ስኑፒንግ የሚለውን ቅንብር አጥፍተህ ሞክር። ስኑፒንግ የቡድን መልእክት ለማን እንደሚደርስ መዝገብ ይይዛል፤ በየጊዜው «አላችሁ?» ብሎ የሚጠይቅ ከሌለ መዝገቡ በ260 ሴኮንድ ጊዜው ያልፍና መልእክቱን መላክ ያቆማል። ማተር የሚባሉትን አዳዲስ ዕቃዎች ለመግዛት ካሰብክ ደግሞ አይፒቪ6ን እንዳታጠፋ። «አያስፈልግም» ብለው የሚያጠፉት ብዙ ናቸው፣ ማተር ግን ያለ እሱ አይሠራም።

ፌዝና_ኒውትራል

ፓምፑ ላይ ያለውን ሪሌ በተመለከተ። ሞተር ሲጠፋ ጠምዛዛው ውስጥ የነበረው ኃይል መውጫ ሲያጣ በሪሌው መክፈቻና መዝጊያ ላይ ትልቅ ቮልቴጅ ይፈጥራል፣ ብልጭታ ይዘላል፣ ያ ረብሻ አጠገቡ ያለውን ቺፕ ሪስታርት ያስደርገዋል። እያደር መክፈቻው ይጣበቃል፣ ያኔ «አጥፋ» ብትለው እንኳ ፓምፑ አይጠፋም። በሶፍትዌር አይድንም።

ከሪሌው መክፈቻ ጋር ትይዩ ስነበር (ብልጭታ ማፈኛ) አስገባ፦ 100 ኦም ሬዚስተር ከ0.1 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር ጋር በተከታታይ። ካፓሲተሩ የግድ ኤክስ2 የሚል ደረጃ ያለው፣ 275 ቮልት ኤሲ የሚችል ይሁን፤ ተራ ካፓሲተር እዚህ ቦታ ላይ እሳት ያስነሳል። ሁለቱ በአንድ ላይ ታሽገው ስለሚሸጡ ያንን መጠቀም ይሻላል። አንድ ነገር ግን እወቅ፦ ስነበር ባለበት ሪሌው ጠፍቶም ትንሽ ጅረት ያልፋል። ፓምፑን አያስነሳውም፣ ጣት ግን ይነዝራል። ስለዚህ ፓምፑ ላይ ስትሠራ በሪሌው አትመን፣ ብሬከሩን ጣል፣ በቴስተር አረጋግጥ።

የሪሌው 10 ወይም 16 አምፔር የሚለው ጽሑፍም ለማሞቂያና ለመሳሰለው ነው። ሞተር ሲነሳ ከመደበኛው ብዙ እጥፍ ይስባል። ፓምፑ ከአንድ ሁለት መቶ ዋት በላይ ከሆነ ስማርት ሪሌው ኮንታክተር (ለከባድ ጭነት የሚሆን ትልቅ ሪሌ) ብቻ ይዘዝ፣ ኮንታክተሩ ፓምፑን ይዘዝ። ስነበሩንም በዚያን ጊዜ ኮንታክተሩ ጠምዛዛ ላይ አድርገው። ሽቦውን ለማታውቀው ቦታ ኤሌክትሪሽያን ጥራ።

ቀጭን_ሽቦ (ጠያቂ)

ሦስቱ ሶኬቶች እውነትም አንድ መለያ ነበራቸው፣ ተለያይተዋል። ሁለተኛው ራውተርም አክሰስ ፖይንት ሆኗል፣ ስፒከሩ ከሁለቱም በኩል ይገኛል። ፓምፑን ለባለሙያ እሰጣለሁ። የመጨረሻ ጥያቄ ለሜሽ_ሠሪ፦ ቻናሉን ከ11 ወደ 25 ስቀይር 26ቱንም እንደገና ፔር ማድረግ አለብኝ? አውቶሜሽኖቹ ይፈርሳሉ?

ሜሽ_ሠሪ

አይፈርሱም። እያንዳንዱ የዚግቢ ዕቃ ከፋብሪካ የወጣበት የማይቀየር 64 ቢት አድራሻ አለው፣ ሆም አሲስታንት ስሙንና አውቶሜሽኑን የሚያያይዘው ከእሱ ጋር ነው። ዕቃውን ከዝርዝሩ ላይ እስካልሰረዝክ ድረስ እንደገና ፔር ቢደረግ እንኳ በድሮ ስሙ ይመለሳል። ስለዚህ የጠፋ ሴንሰር ሲያጋጥምህ መሰረዝ የሚለውን አትንካ።

ከመነሳትህ በፊት የኮኦርዲኔተሩን (የዶንግሉን) ባካፕ ውሰድና ከኮምፒውተሩ ውጭ አስቀምጠው። ፋይሉ የኔትወርኩን ቁልፍ፣ መለያዎቹንና ቻናሉን ይይዛል፤ ዶንግሉ አንድ ቀን ቢሞት በአዲስ ዶንግል ላይ መልሰህ የምትጭነው እሱን ነው፣ ያለ እሱ ግን በእርግጥም 26ቱንም በእጅህ ትዞራለህ።

ከዚያ በመጀመሪያ ዋይፋዮቹን 1 እና 6 ላይ እሰርና አንድ ቀን ተው። አምፖሎቹና ሶኬቶቹ ሁሉ ኤሌክትሪክ እንዲያገኙ የግድግዳ ማብሪያዎችን በሙሉ አብራ፣ ቻናሉን ቀይር። ኮኦርዲኔተሩ «ወደ 25 እንሄዳለን» ብሎ ለሁሉም ሲናገር የነቁት ወዲያው ይከተሉታል። የሚተኙት ሴንሰሮች ጥሪውን አይሰሙም፤ ሲነቁ የለመዱትን አቀባይ ሲያጡ ቻናሎቹን ይፈትሻሉ፣ አብዛኞቹ በሰዓታት ውስጥ ይመለሳሉ። ቸኩለህ አንድ በአንድ ሪሴት አታድርጋቸው። በነጋታው ያልተመለሰ ካለ መጀመሪያ አዝራሩን አንዴ ጫን አድርገህ ቀስቅሰው፤ ካልሰማ ባትሪውን አውጥተህ መልስ፤ እምቢ ካለ ብቻ ካለበት ቦታ ሳታነሳው፣ አጠገቡ ባለው ሶኬት በኩል ፔር አድርገው።

የዚግቢ2ኤምኪውቲቲ የመገኘት ፍተሻ በባትሪ የሚሠራን ዕቃ «ጠፍቷል» የሚለው በነባሪው 25 ሰዓት ዝም ሲል ነው። ስለዚህ ቻናሉን በቀየርክ ማግስት ጠዋት ሁሉም «አለ» ቢልህ ገና ማረጋገጫ አይደለም፤ መጨረሻ የታየበትን ሰዓት የሚያሳየውን ዓምድ ክፈትና በእሱ ደርድራቸው፣ ከቅየራው በፊት ያለ ሰዓት የያዘው ሴንሰር ገና አልተመለሰም።

9ኙን አምፖሎች በአንድነት የምታዝዝባቸው ቦታዎች ካሉ ደግሞ የዚግቢ ግሩፕ ሠርተህላቸው አውቶሜሽኑ ግሩፑን ይዘዝ። ዘጠኝ ትዕዛዝ ከመላክ አንድ ይላካል፣ አምፖሎቹም እኩል ይበራሉ።